ቋጠሮ የሌለው ሸሚዝ

ለውድ እታለሜ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ በራችሁን ያንኳኳ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆመሽ ሒሳብ ስትቀበዪ የሚይዝሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ፣ ወይስ ለምደሽው ነው ስለ እሱ ማውራት የተውሽው? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ግድግዳ ሳትደገፍ ደረጃውን ወጣች ያልሽኝ ዕለት ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሳጨበጭብ ጎረቤቴ «ምን ነካው?» ብሎ ነው መሰል ግድግዳውን መታብኝ። አባባስ ሬዲዮውን አሁንም ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚከፍተው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ? ትልቋ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ማሙሽስ የጫማውን ቀኝና ግራ መለየት ጀመረ?

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ፣ ባለፈው ክረምት ጉንፋኔን ደብቄ «ደህና ነኝ» እንዳልኩሽ ዓይነት አይደለም። የእውነት ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም አለፍ ያልኩ ይመስለኛል። የላክሻቸው ሸሚዞች በጎረቤታችን በነርሷ እጅ ደርሰውኛል። የቤታችንን ሳሙና እንደሸተቱ ነው የመጡት። አንዱን ዛሬ ለብሼዋለሁ፤ ይህን የምጽፍልሽም እሱን እንደለበስኩ ነው። እጅሽ አይንጠፍ።

ባለፈው በስልክ ስናወራ፣ የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «ማን ነው እንደዚህ የሚያለብስህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ልመልስልሽ አፌን ስከፍት እማዬ ስልኩን ነጥቃሽ «በልተሃል ወይ?» አለችኝ። ከዚያ ወሬው ወደ ሆድ ሄደ፤ ወደ ልብስ ሳይመለስም መስመሩ ተቋረጠ። በኋላ በመልእክት ልጽፍልሽ ሞክሬ ነበር፤ ግን በአውራ ጣት ተነካክቶ የሚያልቅ ነገር አልሆነልኝም። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። ጽሑፌ እንደ ድሮው ዶሮ የጫረው መሬት ነው፤ ታገሺኝ።

መልሱ ባጭሩ፣ የሚያለብሰኝ እኔው ራሴ ነኝ። ሴት አለችበት ብለሽ ጠርጥረሽ ከሆነ፣ ተስፋሽን ላለመቁረጥ ያህል «ገና ነው» ልበልሽ። ረጅሙ መልስ ግን ይኸውልሽ።

አንቺ የምታውቂውን መልሼ ለምን እንደምጽፍልሽ እንጃ፤ ብቻ ከሥሩ ካልያዝኩት ወሬው አይያያዝልኝም። ትዝ ይልሻል? ትንሽ ልጅ ሆኜ እማዬ «ቀዩን ባልዲ አምጣ» ስትለኝ አረንጓዴውን ይዤ መጣሁ። «መልስና ቀዩን አምጣ» ስትለኝ ወጣ ብዬ ቆየሁና ያንኑ አረንጓዴ ይዤ ተመለስኩ። «ይህ ልጅ ይቀልድብኛል» ተብዬ ተቆነጠጥኩ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ጓሮ ወስደሽ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ቃሪያ እጄ ላይ አስቀመጥሽና «የቱ ነው ቀዩ?» አልሽኝ። እኔ አንዴ ቃሪያውን፣ አንዴ አንቺን ሳይ ጊዜ ነገሩ ገባሽ። ለሌላው ሰው ሁለት የሆነው ቀለም ለእኔ አንድ እንደሆነ ከእኔ በፊት ያወቅሽው አንቺ ነሽ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብሴ ሁሉ ቋጠሮ ሆነ። ከኮሌታው በስተውስጥ በክር ቋጠርሽልኝ፤ አንድ ቋጠሮ ጥቁር፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሦስት አረንጓዴ፣ አራት ቀይ። ምንም ከሌለው ነጭ ነው። «ሦስትና አራት አብረው አይወጡም» ብለሽ ሕግ አወጣሽልኝ። ጠዋት ጠዋት በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ኮሌታዬን እየዳበስኩ ነው ያደግሁት። ጓደኞቼ አንገቴን የሚበላኝ ይመስላቸው ነበር። እማዬ እንዳትጨነቅ ለማንም ሳትናገሪ፣ ገበናዬን ሸፍነሽ ለዚህ አበቃሽኝ። ሥራ ፍለጋ ስወጣ እንኳ ሻንጣዬን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ፤ ካልሲዬ ሳይቀር ቋጠሮ ነበረው።

እዚህ ስመጣ ግን የሕንጻው የጋራ ማጠቢያ ማሽን ቋጠሮ አላከበረልኝም። ጥቂት እጥበት ቆይቶ ክሩን ሁሉ ፈታው። አልነገርኩሽም፤ ብነግርሽ ልብሱን በሙሉ መልሰህ ላክ ልትዪኝ ነው። በበኩሌ ዘዴ ዘየድኩ። ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ደራርቤ ገዛሁና ሌላውን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ዘጋሁበት። ጥቁርና ነጭ አያሳስትም። ሥራ ቦታ ሁልጊዜ እንደዚያው ሆኜ ስታይ «ገብስማው» የሚል ስም ወጣልኝ። ገብስማ ዶሮ መስዬ ብዙ ጊዜ ኖርኩ። የሚገርምሽ፣ ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ነው። ወንበር ሲያለብስ የሚውል ሰው ራሱን ማልበስ አቃተው ብለሽ ሳቂ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ስቄበታለሁ።

ሥራው ላይ ግን ችግር የለብኝም። የጨርቁ ጥቅል ሁሉ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ቁጥሩን አይቼ አለብሳለሁ። የሚያስቸግረኝ ወረቀቱ የተላጠ የክር ጥቅል ነው። ያኔ እጄን ዘርግቼ ጨርቅ ቆራጫችንን «ክሩን አቀብዪኝ» እላታለሁ። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ አለብሳለሁ፤ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ነው። ገብስማው ያለችኝም እሷ ናት። ክሩ እኔው አፍንጫ ሥር ተቀምጦ አቀብዪኝ ስላት ምን ያህል ሰነፍ እንደምመስላት አስቢው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይህችው ቆራጭ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ሳታስፈቅደኝ «ገብስማው» በሚል ስም የአለባበስ ውድድር ቡድን ውስጥ ከተተችኝ። «ምን ለበስን?» ይባላል። ያቋቋሙት አንዲት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። በየከተማው ያለ ሰው አለበት፤ ሾፌር አለ፣ ጥርስ ሐኪም አለች፣ ሥራ ፈላጊ አለ። ሰኞ ርእስ ይሰጣል፣ ቅዳሜ ሁሉም ለብሶ ፎቶውን ይልካል፣ እሑድ ከተመልካቹ የልብ ምልክት የበዛለት ያሸንፋል። ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ያሸነፈ የሚያገኘው የሚቀጥለውን ርእስ የመስጠትና አንድ አዲስ ሰው የመጋበዝ መብት ብቻ ነው። ለውድድሩ ብሎ መግዛት ክልክል ነው፤ ሰው ማንኳሰስ ደግሞ ከዚያ የባሰ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ አንዱ የሰው ሆድ ላይ ቀልዶ፣ መምህርቷ እንደ ተማሪ ይቅርታ አስጠይቀውታል።

መጀመሪያ ላይ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው ብዬ ናቅሁት። ግን ማየቴን አልተውኩም። አውቶቡስ ሾፌሩ በየሳምንቱ ያንኑ የሥራ ኮቱን በሌላ መልክ ለብሶት ይመጣል፤ አንዴ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ አንዴ በትከሻው ጣል አድርጎ፣ አንዴ ከላዩ መታጠቂያ አስሮ። አንድ ኮት ይህን ሁሉ ሰው መሆን ይችላል እንዴ እያልኩ ቅዳሜን መጠበቅ ጀመርኩ። ቆራጯም «ዓይንህ ብቻ ነው የሚሳተፈው? ገላህ የለም?» እያለች ትነዘንዘኛለች።

በመጨረሻ «ያልደፈራችሁትን ልበሱ» የሚል ርእስ ወጣ። ከልባሽ ጨርቅ ተራ ገዝቼ ያልደፈርኩት አንድ ሱሪ ነበረኝ። እግሩ ሰፊ፣ ወገቡ ከፍ ያለ፣ ስሄድ የሚወዛወዝ። ቡናማ ነው ብዬ ነው የገዛሁት። ከላዩ የድሮ ተከራይ ትቶት የሄደ ግራጫ ሹራብ ደረብኩ። ስልኬን የጫማ ካርቶን ላይ አስደግፌ ተነሳሁና ላክሁ። ድፍረቴ የሱሪው ስፋት ነበር፤ እኔ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

እታለም፣ ልብ በልብ ሆንኩልሽ! ስልኬ እንደ ጥብስ ድስት ተንጫጫ። «እንዴት ያለ ድፍረት ነው!» ይላል አንዱ። ሾፌሩ ደግሞ «ወንድሜ፣ አረንጓዴ ሱሪ በሮዝ ሹራብ! እኔ ይህን ለብሼ ብነዳ ተሳፋሪው ሳይከፍል ይወርዳል» ብሎ ጻፈ። ሳነበው ውሃ ሆንኩ። አረንጓዴ የቱ ጋ ነው? ሮዝ የቱ ጋ ነው? ሱሪውን ይዤ መስኮት ድረስ ሄድኩ። ለእኔ ያው ቡናማ ነው። እሑድ አሸነፍኩ። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ያልሠራሁት ጀግንነት ነው የተጨበጨበልኝ። ስለ ሱሪው አወራረድ አንድ ሰው እንኳ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔን የቆጨኝ እሱ ነው።

የርእስ መብት ስለ ደረሰኝ «ጫማ» አልኩና ተገላገልኩ። በጫማ ሳምንት ያሸነፈው ግን ሾፌሩ ሆነ። እሱም፣ አፉን ቁርጥማት ይያዘውና፣ «አረንጓዴ» የሚል ርእስ ሰጠ።

ያን ሳምንት ሁለቴ ደወልኩልሽ። እማዬን ሐኪም ቤት ይዘሽ ሄደሽ ነበር፤ ለዚህ ነው ሳላስረዳሽ የዘጋሁት። ብትኖሪ ኖሮ በምስል እያሳየሁሽ «ይህን ልበስ» ትዪኝና ያልፍልኝ ነበር። ስላልነበርሽ በራሴ ግምት አንድ ሸሚዝ መረጥኩ። ሻጩ ያኔ «የቅጠል ቀለም ነው» ያለኝ ይመስለኛል። ላክሁት። ከዚያ ሾፌሩ «ገብስማው፣ ቅጠሉን በጋ መታው እንዴ?» አለ። ለካ ሸሚዙ እንደ ደረቀ ቅጠል ቡናማ ኖሯል! ሰው ሁሉ ሆን ብዬ የቀለድኩ መሰለውና ሳቀ። «የደረቀ አረንጓዴ! ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!» ተባልኩ። አሁንም ያላሰብኩት ቀልድ ተመሰገነልኝ።

ቆራጯ ግን አልሳቀችም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ቀዩን ስጠኝ» አለችኝ። እታለም፣ ያንቺ ቃሪያ ነው የታየኝ። ስንት ዘመን የተደበቀ ነገር በሁለት ቁራጭ ጨርቅ ሊወጣ! ሶፋ የሚያለብስ ሰው ቀለም አይለይም ከተባለ ማን ያሠራዋል ብዬ ነበር ሁልጊዜ የምፈራው። «አትጫወቺብኝ፣ ሥራ አለብኝ» አልኳት። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ክሩን አቀብዪኝ የምትለኝ ለዚህ ነው?» አለች። ራሴን ነቀነቅሁ።

ትጮህ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ መቀሷን አስቀመጠችና «እኔ እኮ ሰነፍ ነህ ብዬ ስንት ጊዜ ለእናቴ አምቼሃለሁ!» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ እንባዬ እስኪመጣ። ስንረጋጋ «ለአለቃው ራስህ ንገረው፤ ከሌላ ሰው አፍ አይስማው» አለችኝ። «ቢያባርረኝስ?» አልኳት። «አንድ የደንበኛ ሶፋ አበላሽተህ ታውቃለህ?» አለች። አላውቅም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብዬ፣ እየፈራሁ ገባሁ።

አለቃችን ቁመቱ ረጅም፣ ቃሉ አጭር ሰው ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ቁጥር ታነባለህ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እንግዲያውስ ክሩም ላይ ቁጥር እንለጥፋለን» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር ማታውኑ ትንሽ ከፋኝ። ይህን ያህል ዘመን እንደ ተራራ የተሸከምኩትን ነገር ሰውዬው በአንድ ተለጣፊ ወረቀት ጨረሰው! ደግሞም ለትልልቅ ሥራዎች ክሩን ቆራጯ ሳታይ እንዳልሰፋ አዘዘ፤ ይህ ደስ አላለኝም። ግን ሥራዬ ላይ አለሁ። ከዚያ ወዲህ ክር የማነሳው ቁጥሩን አይቼ፣ በራሴ እጅ ነው።

ቀጥሎ ለቡድኑ መናገር ነበረብኝ። ጽፌ ጽፌ ሰረዝኩና በድምፅ ላክሁት። «ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ አረንጓዴና ቀይ አልለይም። ሱሪውም ድፍረት አልነበረም፣ ሸሚዙም ቀልድ አልነበረም። የሰጣችሁኝን ልብ ውሰዱልኝ» አልኩ። መጀመሪያ የመለሱልኝ መምህርቷ ናቸው። «ልብ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም» አሉ። ሾፌሩ ደግሞ አረንጓዴ ብሎ ስለ ጠመደብኝ ይቅርታ ጠየቀኝና፣ ወዲያው «ግን የትራፊክ መብራት እንዴት ነው የምታልፈው?» አለኝ። ከላይ ያለው ቁም፣ ከታች ያለው ሂድ ነው አልኩት። «ከእኔ መስመር ራቅ በል» አለኝና ቡድኑ በሳቅ ፈነዳ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የመምህርቷ ሁለተኛ መልእክት ነው። «ልጄ፣ እኛ የምናየውን እንደማታይ ነገርከን። አንተስ ስትለብስ ምንድነው የምታየው?» ብለው ጠየቁኝ። እታለም፣ አትቀየሚኝና፣ ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንቺም አልጠየቅሽኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። የሚጎድለኝን ስንሞላ የኖርን ሰዎች ነን እንጂ ያለኝን ቆጥረነው አናውቅም። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ሶፋ ሳለብስ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ የሰውን ትከሻ ሳይ።

ማታ መለስኩላቸው። ጨርቅ ሲወድቅ አያለሁ አልኩ። ትከሻ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ሲወርድ የት ላይ እንደሚታጠፍ አያለሁ። ከፋይ ጨርቅ ላይ ብርሃን ሲያርፍበት አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ሲያበራ አያለሁ። ስፌት ቀጥ ብሎ መሄዱን ከመንገድ ማዶ አውቃለሁ። ወፍራም ሽመና ከስስ ጋር ሲገናኝ ደስ ይለኛል፤ ሁለት ስስ ጨርቅ አንድ ላይ ሲሆን ግን ጨው እንደሌለው ምግብ ነው። ይህን ሁሉ ጽፌ ሳበቃ ራሴ ገረመኝ። ስንት ዘመን ምርጫ የለኝም ብዬ ነበር፤ ለካ የምወደውን አሳምሬ አውቃለሁ!

በሚቀጥለው ሰኞ የጥርስ ሐኪሟ ተራ ነበር። «የዚህ ሳምንት ፎቶ ሁሉ ቀለም አልባ ይሁን፤ እንደ ድሮ ፎቶ ጥቁርና ነጭ» የሚል ርእስ ሰጠች። ለእኔ ብላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አላለውም። አንጀቴን በሉት። ያን ሳምንት ሙሽራ ሆንኩ ማለት ይቻላል። ከሶፋ የተረፈ ወፍራም ጨርቅ ከአለቃው ለምኜ ሰደርያ ሰፋሁ፤ ጀርባው ከፋይ፣ ፊቱ ሻካራ። ያንን ሰፊ ሱሪ አስተካክዬ አሳጠርኩት። ቅዳሜ መስኮቱ አጠገብ በጎን ቆሜ፣ ብርሃኑ ሰደርያው ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ላክሁ።

አሸንፌ እንደሆነ እያሰብሽ ነው? አላሸነፍኩም! ሾፌሩ የአባቱን ኮት ለብሶ መጣና ሁላችንንም ጠራርጎ ወሰደን። እኔ ከነሐኪሟም በኋላ ነው የወጣሁት። ግን አንዲት ሴት «ሰደርያው ብርሃን እንዴት እንደያዘ አያችሁ?» ብላ ጻፈች። ይህችን አንዲት መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። ያለ ሥራዬ ከመወደስ፣ በራሴ ልብስ መሸነፍ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ቆራጯም ሰኞ ዕለት «ገብስማው ተሸንፎ ሲፈካ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

አንቺ ያየሽው ፎቶ እንግዲህ የዚያ ሰደርያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌላ ሰፍቻለሁ። ሻንጣ ውስጥ የዘጋሁባቸውን ልብሶች ሁሉ አውጥቼ ሰቅያቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ኮሌታ አልዳብስም፤ ጨርቁን ነው የምዳብሰው። አንዳንድ ቀን ለሰው ዓይን የሚጋጭ ቀለም ለብሼ እወጣለሁ መሰለኝ፤ ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ባልቴት ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ «ተባረክ፣ ቀኔን አበራኸው» አሉኝ። ምርቃት ይሁን አሽሙር አላወቅሁም፤ አሜን ብዬ ወረድኩ። ለደንበኛ ወይም ለቁም ነገር ስሆን ቆራጯን እጠይቃታለሁ። ሌላውን ቀን ግን አልጠይቅም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ለትንሹ ወንድማችን ሠርግ የእኔን ሙሉ ልብስ ጨርቅ እንደገዛሽ፣ ቀለሙም ከሁሉም ሰው ጋር እንዲሄድ አድርገሽ እንደመረጥሽ ነግረሽኛል። እታለም፣ ጨርቁን ለባለቤትሽ አሰፊለት። እኔ የራሴን ለብሼ ልምጣ። ይህን ስልሽ ያቺን የቋጠረችልኝን እጅ የገፋሁ እንዳይመስልሽ። ያለዚያ ክር ትምህርት ቤት አልሄድም ነበር፣ ሰው ፊትም አልቆምም ነበር። ግን ሰው መሐል የምቆመው የመረጥኩትን ለብሼ እንዲሆን አማረኝ። ፎቶው ላይ ከሁላችሁ ጋር ባልሄድ ምን ይመጣል? ቢበዛ ዘመድ «ያ ማነው?» ይላል፤ አንቺም «ወንድሜ ነው» ትያለሽ። ከከፋሽ ክፉኛ ተቆጪኝ፤ ግን ተቆጥተሽ ስታበቂ እሺ በዪኝ።

ሌላም አለኝ። ባለፈው ሳምንት ርእሱ «ኪስ» ነበር። ጠመኔዬንና መቀሴን የሚይዝ ትልቅ ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሼ ላክሁና በእውነተኛ ዳኝነት አንደኛ ወጣሁ! ቆራጯ እንኳ ልብ ሰጠችኝ፤ እሷ ልብ የምትሰጠው ዓመት ቆጥራ ነው። አሁን ርእስ የመስጠት ተራው የእኔ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ አዲስ ሰው መጋበዝ እችላለሁ። ርእሴ «ማንም ሳይመርጥልኝ» ነው፤ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ግን አልሰጠውም። የምጋብዘውም አንቺን ነው።

«እኔ ደግሞ ምን ልብስ አለኝ?» ስትዪ ይሰማኛል። እሱን እኮ ነው የምልሽ። ለእማዬ ቀሚሷን የምትመርጪው አንቺ፣ ለባለቤትሽ ሸሚዙን አንቺ፣ ለልጆቹ አንቺ፣ ለእኔ አንቺ። አንቺን ግን ሳስብሽ ከነጩ የሥራ ጋውን ወደ ቤት ልብስ፣ ከቤት ልብስ ወደ ጋውን ስትገቢ ነው የምትታይኝ። ያሉኝን ፎቶዎችሽን ሁሉ ገለበጥኳቸው፤ በአብዛኞቹ የሌላ ሰው ኮሌታ ስታስተካክዪ ነው የተነሳሽው። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ልጆቹን ለአባታቸው ተዪና መስታወት ፊት ቁሚ። ፊትሽን ማሳየት ካላሻሽ ከአንገት በታች ላኪ። ሾፌሩ ቢቀልድብሽ መምህርቷ አሉልሽ።

በተረፈ እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ በልቻለሁ በያት፣ ዛሬም ነገም በልቻለሁ። አባባን ሬዲዮውን ትንሽ ቀንስ ብሎሃል ብለሽ አታስቀይሚብኝ፤ ሰላም ብሎሃል ብቻ በዪው። ለባለቤትሽ ጨርቁ እንዲያምርበት እመኝለታለሁ። ሙሽራውን ወንድማችንን ከአሁኑ እንቅልፍ አይጣ በዪልኝ። ለትልቋ፣ ጥርስ ሐኪም ጓደኛ ስላለኝ ከረሜላ ብትደብቅ እንደማውቅባት ንገሪያት። ማሙሽ ጫማውን ግራና ቀኝ ቢያቀያይር አትቆጪው፤ የአጎቱ ልጅነት ነው። ነርሷ ጎረቤታችንንም ስለ ተሸከመችልኝ አመስግኚልኝ።

ፎቶውን ስትልኪ ግን ከሥሩ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ልብሱ ያማረ ይሁን አይሁን እኔ አይቼ አውቃለሁ፤ ቀለሙን ግን አላየውምና አንቺ ንገሪኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የለበስኩትን ሁሉ ቀለም ጠይቄሽ አውቃለሁ፤ አንቺ የምትወጂው ቀለም የቱ እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም። የቱ ነው?

የሚወድሽ ወንድምሽ

ከሶፋ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ካለው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን